የቅዱስ ማርቆስ እንግዶች

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው» የሚለው የአበው ብሂል፣ ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ እንግዳ የተነገረ ይመስላል እንጂ፣ በጥሞና ለመረመረው ሰው የባለቤት ትዕግሥት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ባለቤት የእንግዳውን ወርቅነትም ሆነ መዳብነት በልቡ ይይዘዋል እንጂ በአፉ አያወጣውም፤ እርሱ «ምነው ቸኮልክ?» እያለ በአንደበቱ ይዞ በዓይኑ ሲሸኝ፣ እንግዳውም የዓይኑን ነገር አንብቦ ነጠላውን አመቻችቶ ሲነሣ፣ ሁለቱም በመጠኑ እየተዋሹ እጅግ እየተከባበሩ የሚለያዩበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። በአድርያቲክ ባሕር ዳር የተቀመጠችው የውሃ ከተማ ቬኒስ ግን ይህን ሥርዓት ገልብጣ በአንቀጽ አጽድቃዋለች፤ ዋጋም ቈርጣለታለች። ይኸውም እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በተመረጡ ቀናት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ውሎ ለመመለስ የሚገባ እንግዳ 5 ዩሮ እንዲከፍል ስትደነግግ፣ በሆቴሎቿ የሚያድረውን ግን፣ የአልጋ ግብሩን ለብቻው ስለሚከፍል፣ ከዚህ የበር ቀረጥ ነጻ አወጣችው። በአበው ሚዛን ወርቅ የነበረው የአንድ ቀን እንግዳ በቬኒስ ሚዛን መዳብ ሆነ፤ በሰነበተ ቍጥር መዳብ ይሆን የነበረውም ወርቅ ሆኖ ቍጭ አለ።

ይህ ደንብ በጸና በሳልስቱ፣ በ2016 ዓ.ም. በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከየኔታ ጋር ወደዚያች ከተማ ወረድን። እኔ ያን ጊዜ ከቬኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው በፓዶቫ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1222 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ የምማር ስሆን፣ የኔታ ደግሞ ዕድሜዋን ከ1088 ጀምራ በምትቈጥረው በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ይመረምሩ ነበር። ዜማውንና ቅኔውን ጎጃም ላይ አጠናቀው ዘመናዊውን ትምህርት በላዩ የደረቡ ሊቅ በመሆናቸው፣ ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ ባይርቅም ዕውቀታቸው ስለሚርቅ፣ በሰሜን ኢጣልያ ያለን ተማሪዎች ሁሉ «የኔታ» እያልን በአንቱታ እንጠራቸዋለን፤ እርሳቸውም ሁላችንንም ሳይመርጡ «ልጄ» ይሉናል። ዓርብ ማታ ፓዶቫ ገብተው እኔ ዘንድ ሲያድሩ፣ የእኔ አሳብ ቦዮቹን፣ ድልድዮቹንና ጀልባዎቹን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመለስ ሲሆን፣ የእርሳቸው አሳብ ግን ፈጽሞ ሌላ መሆኑን ገና ራት ላይ አስታወቁኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹመው ከመጡበት ጊዜ አንሥቶ፣ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ እስከ ሆኑበት ቀን ድረስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አቡን ስትቀበል የኖረችው ከመንበረ ማርቆስ ነው። ይህን ያህል ዘመን ያሳደገን አባት አጽሙ ቬኒስ ዐርፎ ሳለ፣ ቬኒስ ድረስ ሄዶ ጀልባ አይቶ መመለስ፣ አባቱ ታሞ የተኛበት ቤት ገብቶ የጣራውን ቆርቆሮ ቈጥሮ እንደ መውጣት ነው።»

እኔም ለዚህ የሚሆን መልስ ስላላገኘሁ ፎቶግራፍ ማንሻዬን በዝምታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ባቡሩ ከየብሱ ለቅቆ እ.ኤ.አ. በ1846 በተከፈተው ረጅም ድልድይ ላይ በባሕሩ መካከል ሲሮጥ፣ በግራም በቀኝም ውሃ ብቻ እየታየ፣ ከፊት ለፊት የደወል ማማዎች ከባሕር የበቀሉ መስለው ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ከተማይቱ ከ100 በላይ በሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ላይ፣ ጭቃው ውስጥ በተተከሉ ስፍር ቍጥር በሌላቸው የእንጨት ምሰሶዎች የቆመች ናት፤ እንጨቱም ከውሃው በታች አየር ስለማያገኘው ሳይበሰብስ የድንጋይ ቤት ተሸክሞ ይኖራል። የኔታ ይህን ስነግራቸው «ውሃ ውስጥ ገብቶ ያልበሰበሰ እንጨት፣ እሳት ውስጥ ገብተው ካልተቃጠሉት ከሠለስቱ ደቂቅ ቢያንስም ተአምር መሆኑ አይቀርም» ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ከጣቢያው በር ላይ ደንቡን የሚያስከብሩ ወጣቶች ቆመዋል። እኔ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር ነዋሪ መሆኔን የሚያስረዳውን ወረቀት ባሳይ፣ የክፍለ ሀገሩ ነዋሪ ከቀረጡ ነጻ ነውና እንደ ቤት ልጅ በፈገግታ አሳለፉኝ። የኔታ ግን የኤሚልያ ሮማኛ ነዋሪ ናቸውና 5 ዩሮ ተጠየቁ። ላቲን በበዛበት ኢጣልያንኛቸው ነጻ የሚወጡት እነማን እንደ ሆኑ ሲጠይቁ፣ ወጣቲቱ የሕፃናትን፣ የሠራተኞችን፣ የተማሪዎችን ተራ በትዕግሥት ቈጠረችላቸው፤ በመጨረሻም የከተማዋ ነዋሪ ዘመድ የሆነ ሰው፣ ዝምድናው እስከ ሦስተኛ ደረጃ የሚቈጠር ከሆነ፣ እንደማይከፍል ነገረቻቸው። ይህን ጊዜ የየኔታ ፊት እንደ ፋሲካ ጧፍ በራ።

«እኛስ እስከ ሰባት ቤት እንቈጥር ነበር፤ ግን ሦስትም ይበቃኛል» አሉ። «ቅዱስ ማርቆስ በዚህች ከተማ ነዋሪ አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ828 ከእስክንድርያ ከመጣ ወዲህ ከቤቱ ወጥቶ ያደረበት ቀን የለም። እኔ የመንበሩ ልጅ ነኝ፤ ዝምድናው አንደኛ ደረጃ ነው።»

ወጣቲቱ አልሳቀችም፤ አልተቈጣችምም። ቅዱስ ማርቆስ በማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መኖሩን የሚያስረዳ ወረቀት ይዘው እንደ ሆነ ብቻ በትሕትና ጠየቀቻቸው። የኔታም መዝገቡ በሰማይ እንደሚገኝ አስረድተው፣ በምድር ግን 5 ዩሮውን ከፈሉ። ደረሰኙንም እንደ ጥንታዊ ሰነድ አጥፈው ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ ካኖሩ በኋላ «የልጅ ልጅ በደጅ ቆሞ የጎረቤት ልጅ ይገባል» ብለው ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩኝ።

ከጣቢያው ደረጃ ወርደን ታላቁን ቦይ ፊት ለፊት ስናየው ግን ነገሩ ለጊዜው ተረሳ። ወደ አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ቦይ ከተማይቱን እየተጠማዘዘ ለሁለት ይከፍላታል፤ በሌላ አገር በመንኰራኵር የሚሄደው ነገር ሁሉ እዚህ በእርሱና ከእርሱ በሚቀነጠሱት ቦዮች ላይ ይሄዳል። አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ ቆሻሻ ጫኙ ጀልባ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና የምንለው ጀልባ ሆኖ ሳይረን እየነፋ ውሃ ላይ ሲሮጥ ታዩታላችሁ፤ ሙሽራ በጀልባ ትመጣለች፣ ሟችም ሳን ሚኬሌ ወደተባለችው የመካነ መቃብር ደሴት በጀልባ ይሸኛል። መኪና የለም፤ ብስክሌት መንዳትም ክልክል ነው። ባለ ሥልጣኑም፣ ባለ ጠጋውም፣ እንደ እኔ ያለው የተማሪ ኪስ ባለቤትም ከ400 የሚበልጡትን ድልድዮች በገዛ እግሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጥቁር የሆኑት ጎንዶላዎች 11 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ፣ ቀዛፊው በአንድ ወገን ብቻ ቆሞ ስለሚቀዝፍ ሚዛን እንዲጠብቁ ግራ ጎናቸው ከቀኙ 24 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ይሠራል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለመንሸራሸር የተቈረጠው ዋጋ ግን 90 ዩሮ መሆኑን ከሰሌዳው ላይ ስናነብ፣ የኔታ «ሚዛን የሚጠብቀው ታንኳው ነው እንጂ ሒሳቡ አይደለም» ብለው ጉዞውን በእግር እንድንቀጥል ወሰኑ።

ለነገሩ እንግዳን በደጃፍ መመርመር ለዚህች ከተማ አዲስ ጠባይ አይደለም። ሪፑብሊክ ሆና ባሕሩን በምትገዛበት ዘመን፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣውን ሰው ለይታ የምታኖርበት ቤት እ.ኤ.አ. በ1423 በአንዲት ደሴት ላይ አቋቁማ ነበር፤ ኋላም መርከብና ጭነት ለአርባ ቀን እንዲቆይ ማድረግ ልማድ ሆኗል። የጀርመን ነጋዴዎች በሪያልቶ ድልድይ አጠገብ በአንድ ታላቅ ሕንጻ ብቻ እንዲያድሩ ይገደዱ ነበር፤ የኦቶማን ነጋዴዎችም ከ1621 ጀምሮ በታላቁ ቦይ ዳር የራሳቸው እንዲህ ያለ ቤት ተመደበላቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እ.ኤ.አ. በ1516 አይሁዶች በቦይ በተከበበች ጥግ እንዲሰፍሩ ተደርጎ፣ ማታ ማታ በሩ ሲቈለፍባቸው፣ የሚቈልፉባቸውን ዘበኞች ደመወዝ ራሳቸው እንዲከፍሉ መታዘዛቸው ነው። ሰውን ቈልፎ የቍልፉን ዋጋ የሚያስከፍል ከተማ፣ ከ500 ዓመት በኋላ ለመግቢያ 5 ዩሮ ቢጠይቅ፣ በታሪክ ዓይን ርኅራኄ ጨምሯል ማለት ይቻላል።

የእኛስ አበው? እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት ልዑካን በፍሎሬንሳዊው በአንቶኒዮ ባርቶሊ መሪነት ወደዚህች ከተማ በመጡ ጊዜ፣ ለእጅ መንሻ ካመጧቸው ነገሮች መካከል በሕይወት ያሉ አራት ነብሮች ነበሩ፤ ነብር አስከትሎ ከሚመጣ እንግዳ የበር ቀረጥ የሚጠይቅ ዘበኛ በየትኛውም ዘመን የሚገኝ አይመስለኝም። በአንጻሩ ከዚህ ወደ እኛ የሄደው እንግዳ የገጠመው ነገር ሌላ ነው። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ፣ ለነገሥታቱ ሥዕለ ማርያም ሲሥል ኖረ። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ቢሥላት፣ ግራ እጅ በአገሩ ልማድ የተናቀ ነውና ታላቅ ሁከት ተነሥቶ እንደ ነበር ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ሥዕሉም ሠዓሊውም በንጉሡ ጥበቃ ዳኑ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አገሩን ሲጎበኝ፣ ይህ ሰው ከ40 ዓመት ያላነሰ ኖሮ፣ ሀብትና ማዕርግ አግኝቶ እንደ ታላቅ ሰው ተከብሮ አገኘው። ያን ጊዜ ወደ ነገሥታቱ ቤት የመጣ ባለሙያ ርስት ይሰጠዋል፣ ሚስትም ይዳርለታል፤ የመውጫ ፈቃድ ብቻ አያገኝም። ቬኒስ እንግዳን መግቢያው ላይ ታስቸግረዋለች፤ እኛ ደግሞ መውጫው ላይ። ይህን አሳብ ለየኔታ ባካፍላቸው «ልዩነቱ፣» አሉኝ፣ «እነርሱ የሚወስዱት ገንዘቡን ነው፤ እኛ የምንወስደው ዕድሜውን ነው። የትኛው እንደሚከብድ እንግዳውን ጠይቀው።»

እንዲህ እየተጨዋወትን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ስንደርስ ረኃብ ይሰማን ጀመር። ጣሊያኖቹ ፋሲካቸውን ካከበሩ ወር ሊሞላቸው ነው፤ እኛ ግን በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ነን። ቅዳሜ በመሆኑ እስከ 9 ሰዓት የመቆየት ግዴታ ባይኖርብንም፣ ምግብ ቤቶቹ በደጃቸው የሰቀሉትን የምግብ ዝርዝር ስንመረምር፣ ሥጋና ዐይብ ያልገባበት ጎልቶ የሚታየው ምግብ በባሕር እንስሳ ጥቍር ቀለም የተሠራ ፓስታ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ላነሣ ስል፣ የኔታ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በኦሪት የተከለከለ ስለ ሆነ ክርክሩ እዚህ ድረስ እንደማይዘልቅ በአጭሩ ቈረጡት፤ አያይዘውም «እኛ ቀለም ለመቍጠር ስንራብ፣ እነዚህ ቀለሙን ይበሉታል» አሉ። በመሆኑም ከኪሳችን ቆሎ አወጣን።

ቆሎውን የት ተቀምጠን እንብላው የሚለው ግን ሌላ የሕግ ጥያቄ ነበር። በአደባባዩ ደረጃ ላይ መቀመጥ በገንዘብ ያስቀጣል፤ ምግብ ዘርግቶ መብላትም እንዲሁ። በጁላይ 2019 ሁለት ጀርመናውያን መንገደኞች በሪያልቶ ድልድይ ደረጃ ላይ በትንሽ ምድጃ ቡና አፍልተው 950 ዩሮ ተቀጥተው ከከተማው እንዲወጡ ታዘዋል። በዚህ አደባባይ ከ1720 ጀምሮ ቡና ሲሸጥ የኖረ «ፍሎሪያን» የተባለ ቡና ቤት ይገኛል፤ ቡናን ለዓለም ያበረከተ ሕዝብ ልጆች ግን በደጁ ቆመን ጀበና የመጣድ መብት የለንም። ስለዚህ ቆሎአችንን እየተራመድን ቆረጠምን፤ የሚራመድ ሰው አልተቀመጠም፣ የሚቆረጥም ሰውም ማዕድ አልዘረጋምና። ነገር ግን ከየኔታ እጅ ጥቂት ፍሬዎች አምልጠው መሬት ላይ ሲወድቁ እርግቦች ከየአቅጣጫው ወረዱ፤ እርግብ መመገብም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚህ አደባባይ ክልክል ነው። አንድ ደንብ አስከባሪ ወደ እኛ ማየት ሲጀምር፣ የኔታ ፊታቸውን ሳያዞሩ «እኔ ጣልኩት እንጂ አልመገብኋቸውም፤ ያነሡት እነርሱ ናቸው፤ ቅጣቱ በእነርሱ ላይ ነው» እያሉ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤተ መቅደሱ ሁለት ዓይነት በር አለው። በፊት ለፊት ያለው የጎብኚዎች በር ሲሆን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቲኬቱም ያን ጊዜ 3 ዩሮ ነበር። በሰሜን ጎን፣ ሁለት ትናንሽ የእብነ በረድ አንበሶች ባሉበት በኩል ያለው ደግሞ ለጸሎት የሚመጡ ሰዎች የሚገቡበት፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት በር ነው። የኔታ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ጎኑ በር ሲያመሩ እኔም ተከተልኋቸው። ጠባቂው ለምን እንደ መጡ ሲጠይቃቸው «አባታችንን ለመሳለም» አሉት፤ እርሱም አንድ ቃል ሳይጨምር ገለል ብሎ አሳለፋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልክቶ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ፎቶግራፍ ማንሻ አይቶ፣ በጣቱ ረጅሙን ሰልፍ አሳየኝ። ሰማያዊው መዝገብ እዚህ በር ላይ ሳይደርስ አልቀረም፤ ጠዋት በጣቢያው እኔ የቤት ልጅ፣ እርሳቸው ባዕድ ነበርን፤ እኩለ ቀን ላይ እርሳቸው የቤት ልጅ ሆነው እኔ ከመላው ዓለም ሕዝብ ጋር ተሰልፌ 3 ዩሮዬን ከፈልሁ።

በውስጡ ከ8,000 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍን የወርቅ ሞዛይክ ከራስ በላይ እንደ ሰማይ ተዘርግቷል። ከሥዕሎቹ አንዱ የሐዋርያው አጽም ከእስክንድርያ የወጣበትን ታሪክ ይተርካል፤ ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች አጽሙን በቅርጫት አድርገው ላዩን በእሪያ ሥጋ ሸፍነው ሲያወጡት፣ የወደብ ጠባቂዎቹ «ካንዚር! ካንዚር!» ብለው ተጸይፈው ፊታቸውን ሲያዞሩ ይታያል፤ ጩኸታቸው ሳይቀር በፊደል ተጽፏል። ከገመድ ወዲህ ከጎብኚዎች ጋር ሆኜ ሳይ፣ ከገመድ ወዲያ የኔታ በጸሎት ቤቱ ጥግ ተንበርክከው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ከጎብኚዎቹ አንዳንዶቹ እርሳቸውን ራሳቸውን ከሞዛይኩ ጋር ደርበው ፎቶግራፍ ያነሷቸው ነበር።

ሲወጡ ፊታቸው ረክቶ ነበር። «አባታችንን አገኘኋቸው፤ ደኅና ናቸው» አሉኝ፣ ከዘመድ ቤት እንደ ተመለሰ ሰው።

ስለ እሪያው ሥጋ ስነግራቸው ግን ቆም አሉ። «እስላሙ የሚጸየፈውን እኛም እንጸየፈዋለን» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ ጠባቂዎች ብንሆን ኖሮም አባታችን በፊታችን ያልፉብን ነበር ማለት ነው።» ጥቂት ካሰቡ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ ከአጽሙ ከፊሉን ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን መመለሳቸውን፣ በዚያም ዓመት በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መገኘታቸውን አስታውሰው ተጽናኑ። እኔም ከ828 እስከ 2024 ቢቈጠር 1196 ዓመት የሰነበተ እንግዳ ዛሬም በወርቅ ተሸፍኖ መኖሩ የአበውን ብሂል ያፈርሰው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «አያፈርሰውም» አሉኝ። «መዳብ የሚያደርገን መብላታችንና መናገራችን ነው። የማይበላና የማይናገር እንግዳ በየትም አገር ወርቅ ነው።»

ከበሩ በላይ የቆሙትን አራቱን የነሐስ ፈረሶችም ከታች ቆመን አየን፤ ውጭ ያሉት ቅጂዎች ሲሆኑ እውነተኞቹ በውስጥ ይጠበቃሉ። ቬኒሶች እ.ኤ.አ. በ1204 ከቍስጥንጥንያ ዘርፈው አመጧቸው፤ ናፖሌዎን በ1797 ሪፑብሊካቸውን አፍርሶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በ1815 ተመለሱ። ያለ ቀረጥ የገባ የመጨረሻው እንግዳ ናፖሌዎን ይመስለኛል። የኔታ በጣታቸው ሲያሰሉ ቆይተው «ፈረሶቹን ለማስመለስ 18 ዓመት ፈጀባቸው፤ እኛ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የተወሰደውን ሐውልት ከሮማ ለማስመለስ 68 ዓመት ፈጀብን። ፈረስ ስለሚሮጥ ይሆናል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የአገራችን ሴት ቡና እንድንጠጣ ጠርታን ስለ ነበር ካስቴሎ ወደተባለው ሠፈር ሄድን። ከተማይቱ በስድስት ሠፈር ተከፍላ፣ የቤት ቍጥሩ በጎዳና ሳይሆን በሠፈሩ ጠቅላላ እየተከታተለ ስለሚሰጥ፣ ካስቴሎ ውስጥ ብቻ ከ6,000 በላይ ይዘልቃል፤ ተከታታይ ቍጥሮችም አንዳንድ ጊዜ በቦይ ወዲህና ወዲያ ይለያያሉ። መንገድ የምንጠይቀውም ሰው እንደ እኛው እንግዳ እየሆነ፣ ካርታ እያወጣ መልሶ እኛኑ ይጠይቀን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባት የነበረችው ጥንታዊት ከተማ በ2022 ከ50,000 በታች ወርዳለች፤ በ2023 ደግሞ ለእንግዳ የተነጠፈው አልጋ ከነዋሪው ቍጥር በልጦ ተገኝቷል። በሪያልቶ አቅራቢያ አንድ መድኃኒት ቤት የቀረውን ነዋሪ ቍጥር በመስኮቱ ላይ ይገልጻል። ያን ቍጥር ያየ ሰው 5 ዩሮውን ከስስት ይልቅ በጭንቀት ይተረጕመዋል፤ እንግዳው በዝቶ ባለቤቱ በወጣበት ቤት፣ በሩ ላይ የሚቆመው ደረሰኝ ቈራጭ ብቻ ይሆናልና።

ቤቱን አግኝተን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ እትዬ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ከአዲስ አበባ ወጥተው ኢጣልያ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ አሁን አንዲት በዕድሜ የገፉ የቬኒስ ተወላጅ ሴት የሚያስታምሙ ናቸው። ሲኞራዋ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸው ወደ የብሱ ከተማ ወደ ሜስትሬ ተሻግረዋል፤ የታችኞቹ ፎቆች በሙሉ ለቱሪስት የሚከራዩ ናቸው። የኔታ እጅ ሲነሷቸው አሮጊቲቱ ከብዙ ወራት ወዲህ በር ተሳስተው ሳይሆን እርሳቸውን ብለው የመጡ እንግዶች እኛ የመጀመሪያዎቹ መሆናችንን በደስታ ነገሩን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ቀረበ፤ «በሞቴ ብሉልኝ!» ተባለ፤ የኔታ ጎርሰው ሳይጨርሱ ሁለተኛው ጕርሻ ከአፋቸው ደጅ ይጠብቃቸው ነበር። ቡናው ሲቈላ ጢሱ በመስኮት ወጥቶ ቦዩ ላይ ሲወርድ፣ ከታች 90 ዩሮ ከፍለው በጎንዶላ የሚንሳፈፉት ሰዎች ቀና ብለው አፍንጫቸውን ወደ እኛ ያነሡ ነበር። ሲኞራዋ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥተው በረካውን ደግሞ ሳይጠየቁ ስኒያቸውን ዘረጉ፤ በገዛ ከተማቸው ባለቤትነታቸው የተረጋገጠላቸው በእኛ ቡና ረከቦት ዙሪያ መሆኑን ሳስብ፣ ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ።

ልንነሣ ስንል ግን ነገር ተበላሸ። እትዬ መሽቷል አሉ፤ አልመሸም። ባቡር የለም አሉ፤ ባቡር ሞልቷል። ነገ ሆሳዕና ነው፣ ከዚሁ አብረን እንሄዳለን አሉ። የኔታ ጃንጥላቸውን ቢፈልጉ ካኖሩበት ጠፋ፤ ኋላ ከብዙ ልመና በኋላ ከሲኞራዋ አልጋ ሥር ሲወጣ፣ አሮጊቲቱ በደስታ ያጨበጭቡ ነበርና የሤራው ተካፋይ መሆናቸው ታወቀ። የብራንካሌዮን የ40 ዓመት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ የዐፄዎቹ ቤት ሕግ በካስቴሎ አራተኛ ፎቅ ላይ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በበሩ ዋጋ የሚያስከፍል ከተማ እንግዳውን እንደ ከፋይ ይለቅቀዋል፤ ምንም ያላስከፈለ ቤት ግን በነጻ የገባውን ሰው በምን ይለቅቀዋል?

ወደ ጣቢያው ስንመለስ፣ የኔታ አንድ ጊዜ እንኳ ታንኳ ሳይረግጡ መሄድ ለታሪክ እንደማይመች ስላሰቡ፣ ታላቁን ቦይ ከዳር ወደ ዳር ብቻ በሚያሻግረው፣ ሰዎች ቆመው በሚሻገሩበት ጎንዶላ ለመሻገር ወሰንን። ቀዛፊው ከያንዳንዳችን 2 ዩሮ ጠየቀ፤ የቬኔቶ ነዋሪነቴን ወረቀት ባወጣ እንኳ ሳያየው እጁን ዘረጋ። የሁለታችንንም ከፈልሁ። የኔታ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ ውሃው መካከል ሚዛናቸውን እየጠበቁ ሒሳቡን አሰሉት።

«እኔ በከተማው በር 5 ከፈልሁ። አንተ በአባታችን በር 3፣ እዚህ ደግሞ 4፣ ድምሩ 7። እንግዲህ እኩል እንድንሆን አንድ ዩሮ ዕዳ አለብኝ።»

«ይቅር የኔታ» አልኋቸው።

«አይቀርም» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ቦሎኛ ና፤ በዶሮ ወጥ እከፍልሃለሁ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ስለ መውጫው ግን ስትመጣ እንነጋገራለን።»